‹‹ስንፈት›› ብለን የጠራነው ሕመም፦ የስኳር በሽታ፣ የወንድ ገላና የዝምታ ታሪክ



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሰዎች አነጋግረውኛል። የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ባልደረቦቼ ናቸው፤ ‹‹የታሪክ መምህር ስለ ስኳር በሽታ ምን ሊናገር ነው?›› አሉኝ። ሁለተኛዎቹ በዕድሜ የሚቀርቡኝ ወንዶች ናቸው። እነዚህ ወደ ጥግ ወስደውኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹‹ንግግሩ በጽሑፍ ይወጣል ወይ?›› ብለው ጠየቁኝ። (ሳቅ) ለመጀመሪያዎቹ መልስ የምሰጠው በንግግሬ ነው። የሁለተኛዎቹ ጥያቄ ግን ራሱ የንግግሬ ምክንያት ነው። በአዳራሽ ታይቶ መስማት የሚያሳፍርን፣ ለብቻ ተደብቆ ማንበብ ግን የሚያስፈልግን ነገር እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው? ይህ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በስሙ ልጥራው። የስኳር በሽታ ያለባቸው ወንዶች ብዙዎቹ፣ ከጊዜ በኋላ፣ ብልታቸው ለግንኙነት በሚበቃ መጠን አይቆምም፤ ወይም ቆሞ አይቆይም። ይህ ችግር በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቀ ነው። በሕዝባችን ዘንድ ግን ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና አይታወቅም፤ ቢታወቅም አይነገርም። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሕመም ለብዙ ዘመን ያነበብነው እንደ ጥፋት፣ እንደ እርግማን ወይም እንደ ስንፍና ነው፤ ታሪኩ በሥርዓቱ ሲመረመር ግን ገላ አስቀድሞ የላከው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይገኛል። ማስጠንቀቂያውን ባለማንበባችን የምንከፍለው ዋጋ ደግሞ ከአልጋ አልፎ እስከ ልብና እስከ እግር ይደርሳል።

ስሙ ራሱ ምን ይላል?

የታሪክ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከቃል ነው። በአማርኛ ለዚህ ችግር ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበት ስያሜ ‹‹ስንፈተ ወሲብ›› የሚል ነው። ‹‹ስንፈት›› የሚለው ቃል ‹‹ሰነፈ›› ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ‹‹ሰነፍ›› እና ‹‹ስንፍና›› የሚሉት ቃላትም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ችግሩን ለሐኪም ለመናገር አፉን ሲከፍት፣ ገና ምርመራው ሳይጀመር ቋንቋው ፈርዶበታል። ዓይኑ የደከመን ሰው ‹‹ዓይነ ሰነፍ›› አንለውም። ኩላሊቱ የታመመውንም እንዲሁ። በዚህ አንድ ሕመም ላይ ግን ስሙ ራሱ ወቀሳ ነው።

ይህ ጉድለት የእኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ቋንቋዎች ለዘመናት ያገለገለው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ‹‹አቅመ ቢስነት›› ነው። በታኅሣሥ ወር 1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ይህ ስም ሰውየውን የሚያዋርድና ለሕክምናም ግልጽ ያልሆነ ነው በማለት፣ ‹‹የብልት መቆም እክል›› የሚል ትርጉም ባለው ስያሜ እንዲተካ መከረ። ስሙ ሲለወጥ ጥያቄውም ተለወጠ። ‹‹ይህ ሰው ምን ጎደለው?›› መባሉ ቀርቶ ‹‹የትኛው የአካል ሥራ ታወከ?›› ተባለ።

ለሺህ ዓመት የታወቀ፣ ለሺህ ዓመት የተረሳ

የስኳር በሽታ በጽሑፍ የተገኘ ታሪኩ ረጅም ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ፣ በሽታው ሥጋን አቅልጦ ወደ ሽንት የሚያፈስስ እንደሆነ ጽፏል። በሽታው በዓለም የሚታወቅበት ‹‹ዲያቤቲስ›› የሚለው የግሪክ ስምም ‹‹የሚያሳልፍ፣ የሚያፈስስ›› ማለት ነው። የሕንድ ጥንታውያን ሐኪሞች ደግሞ ሽንቱ እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን አስተውለው በዚያው ሰይመውታል።

ለዛሬው ነገራችን ዋናው ምስክር ግን ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ኢብን ሲና ነው። ይህ ሐኪም ‹‹አል-ቃኑን›› በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሐፉ የስኳር በሽታን ምልክቶች ሲዘረዝር፣ ከሽንቱ ጣፋጭነትና ከሚበሰብሰው ቁስል ጋር የወሲብ አቅም መውደቅን ቆጥሯል። ልብ በሉ፤ ስለ እርግማን ወይም ስለ ኃጢአት አልተናገረም። ምልክቱን ከሌሎቹ የበሽታው ምልክቶች ጋር አሰልፎ ነው የጻፈው። ከዚህ በኋላ በ1798 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ጆን ሮሎ በስኳር ሕሙማን ላይ ይህንኑ ችግር መዝግቧል።

እኛስ? በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ የባህል መድኃኒት መጻሕፍት ለወንድ አቅም መድከም የሚሆኑ መድኃኒቶችን ይዘዋል። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸውን የኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናት የመረመረ፣ እንዲሁም ሪቻርድ ፓንክረስት በአገራችን የሕክምና ታሪክ ላይ የጻፈውን ያነበበ፣ ሊቃውንቶቻችን ይህን ችግር ለመጥቀስ እንዳላፈሩ ይረዳል። ድርሳናቱ ዕፀዋትን ከጸሎትና ከአስማት ጋር ጎን ለጎን ያኖራሉ። ችግሩን እንደ ሕመም ያውቁታል፤ መንስኤውን ግን ብዙውን ጊዜ ከሰው ውጭ ባለ ኃይል ይፈልጉታል። ‹‹ወንድነቱን አሰሩበት›› የሚለው ንግግር እስከ ዛሬ ድረስ በየመንደሩ ሕያው ነው።

የመዳን ዋጋ

የስኳር በሽታ ታሪክ በጥር ወር 1922 እ.ኤ.አ. ለሁለት ተከፍሏል። በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁትን ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መኖር ጀመሩ፤ አደጉ፣ አገቡ፣ አረጁ።

ታሪክ ግን ስጦታዋን በነጻ አትሰጥም። በፍጥነት ይገድል የነበረው በሽታ በዝግታ የሚጎዳ በሽታ ሆነ። ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭንና የደም ሥርን ለማበላሸት ዓመታት የሚፈጀው የስኳር ብዛት፣ አሁን ዓመታት አገኘ። የወንዶች የብልት መቆም እክል በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ጎልቶ የታየው ሰዎቹ በሕይወት ስለቆዩ ነው። በዚህ ረገድ እክሉ የስንፍና ሳይሆን የመትረፍ ምልክት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1958 እ.ኤ.አ. ሩቢንና ባቦት የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የስኳር ሕሙማን ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳዩ። ይሁንና ዘመኑ የሥነ ልቡና ዘመን ነበር። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የገነነው አስተሳሰብ የችግሩ ምንጭ በአብዛኛው በሰውየው አእምሮ ውስጥ እንደሆነ ያስተምር ነበር፦ ፍርሃት፣ ጭንቀት፣ ከእናቱ ጋር የነበረው ግንኙነት፣ ለሚስቱ ያለው ስሜት። የእኛ ሰው ‹‹ጎረቤት አሰረው›› ሲል፣ የምዕራቡ ሰው ‹‹አእምሮው አሰረው›› አለ። ሁለቱም ደሙን አልለኩም።

የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት የወጣ ጥናት ችግሩ ሁልጊዜ ከአእምሮ እንደማይመነጭ በርእሱ ጭምር ተናገረ። በ1989 እ.ኤ.አ. ሳኤንስ ደ ተሃዳና ባልደረቦቹ፣ የስኳር ሕሙማን ከሆኑ ወንዶች ብልት የተወሰደ ሕብረ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ሲመረመር መላላት ባለበት ጊዜ እንደማይላላ አረጋገጡ። ያ የሥጋ ቁራጭ በብርጭቆ ውስጥ ሳለ ሚስትም ጎረቤትም አልነበረውም፤ አያፍርም፣ አይጨነቅም። ቢሆንም ሥራውን መሥራት አልቻለም። ለእኔ ይህ ሙከራ ለወንዶች ሁሉ የተጻፈ የነጻነት ፍርድ ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማሳቹሴትስ ከ40 እስከ 70 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት ወጣ። በሕክምና ላይ ካሉ የስኳር ሕሙማን ውስጥ 28 በመቶ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ አቅሙን እንዳጡ አሳየ፤ በጥናቱ ለተካተቱት ወንዶች በጠቅላላው የተገኘው አኃዝ 9.6 በመቶ ነበር። ዘግይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዓለም ዙሪያ 145 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ከስኳር ሕሙማን ወንዶች 52.5 በመቶ የሚሆኑት በተለያየ መጠን እክሉ እንዳለባቸው ገልጿል።

በገላ ውስጥ የሚሆነው

የሕክምና ባልደረቦቼ ይታገሱኝና፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለታሪክ ተማሪዎቼ በሚገባ መንገድ ልናገር። የወንድ ብልት አጥንት የለውም፤ የሚቆመው በደም ነው። ፍላጎት ሲቀሰቀስ ከአንጎል የተነሣ መልእክት በኅብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ ነርቮችን ይደርሳል። ነርቮቹና የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ይህ ንጥረ ነገር በብልቱ ውስጥ ያሉትን ጡንቻዎች ያላላቸዋል፤ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ደም ይሞላል፤ የሞላው ደም ደግሞ መውጫ ሥሮቹን ተጭኖ ይዘጋቸዋል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ሥር ውስጥ ያለውን የመልእክተኛነት ሥራ ያገኙት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለዓመታት ከልክ በላይ የቆየ ስኳር ይህን ሰንሰለት በብዙ ቦታ ይበጥሰዋል። ነርቮቹን ስለሚጎዳ መልእክቱ ይደክማል። የደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያበላሽ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያንሳል። ሥሮቹን ስለሚያጠብና ስለሚያደርቅ የሚገባው ደም ይቀንሳል። በተለይ ውፍረት ባለበት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። የደም ግፊት፣ የደም ቅባትና ሲጋራ ሲጨመሩ ጉዳቱ ይከፋል። በመጨረሻም ሐዘንና ስጋት ይመጣሉ፤ አንድ ጊዜ ያቃተው ሰው ለሁለተኛው ቀን በፍርሃት ነው የሚቀርበው። ስለዚህ አእምሮ ድርሻ የለውም አልልም። ብዙውን ጊዜ ግን አእምሮ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የብልት ደም ሥር ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሚዘጋው ዝቃጭ በሁለቱም ውስጥ እኩል ቢከማች፣ ቀድሞ የሚታወከው ጠባቡ ነው። በዚህ ምክንያት የብልት መቆም እክል የልብ ሕመም ከመታየቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ያ ሰው ያፈረበት ነገር ልቡ የላከለት ደብዳቤ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኛ ደብዳቤውን ሳንከፍት ቀብረነዋል።

ወላይታ፦ ያልተቆጠረ ሕመም

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሶዶ ከተማ በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ካዎ ጦናን ድል ካደረጉ በኋላ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተመሠረተች ናት። ዘመናዊ ሕክምና ወደ ወላይታ የመጣው ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ወደ ደቡብ በዘለቁ ጊዜ ነው። የጣልያን ወረራ ሚሲዮናውያኑን አስወጣቸው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰዋል። ኦቶና ላይ የተተከለው ሆስፒታል በዘመን ብዛት እጅ ቀይሮ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲያችን አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኗል።

የዚህ ሁሉ ዘመን ሕክምና ዓይኑ የተተከለው በሚያጣድፈው ላይ ነበር፤ ወባ፣ ቁስል፣ የወሊድ አደጋ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሕፃናት ርሃብ። ይህ ትክክል ነበር፤ ሰው የሚሞተው በእነዚህ ነበርና። ነገር ግን መዝገብ የሚይዘው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚጎዳ፣ የማያስጮህና የሚያሳፍር ሕመም በመዝገቡ ውስጥ አምድ አልነበረውም። የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር የተቋቋመው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ዓመት አገራችን በዓለም ፊት በረሃብ የታየችበት ዓመት መሆኑን ላሳስባችሁ። አንዱ እጃችን ስንዴ ሲለምን፣ ሌላው ኢንሱሊን ይለምን ነበር።

ይህ የሚጋጭ የሚመስል ነገር ሌላ ትምህርት ይዟል። ‹‹ስኳር የሀብታም በሽታ ነው›› የሚለውን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጎንደርና በጅማ የገጠር ሕሙማንን ሲከታተሉ የኖሩ ሐኪሞች ግን፣ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙን ጨምሮ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀጭንና ድሃ የሆኑ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን መብዛታቸውን አይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 እ.ኤ.አ. በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 እ.ኤ.አ. አውጥቶት ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት በሚል ስም እውቅና ሰጠው።

በ1977 ዓ.ም. እኔ ልጅ ነበርሁ። ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ ሲበላ አይቻለሁ። ስኳር ድንቹ ሳይወፍር ከመሬት ሲወጣ አይቻለሁ። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ የአምሳና የስድሳ ዓመት ሰዎች ነን። በልጅነት የተራበ ገላ በእርጅናው ስኳርን እንዴት እንደሚሸከም መመርመር ለወላይታ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ቀጭን ገበሬ ‹‹እኔን ስኳር አይነካኝም›› ብሎ ካመነ፣ ወንድነቱ ሲደክም ምክንያቱን በደሙ ውስጥ አይፈልግም፤ በጎረቤቱ ውስጥ ነው የሚፈልገው።

በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ጠያቂ በተገኘ ጊዜ መልሱ ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በስኳር ክትትል ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ በተደረገ ጥናት፣ 85.5 በመቶ የሚሆኑት በተለያየ ደረጃ እክሉ ተገኝቶባቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ በትግራይ ማዕከላዊና ሰሜን ምዕራብ ዞኖች ሆስፒታሎች በተደረገው ጥናት ደግሞ አኃዙ 69.9 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በሆስፒታል ክትትል ላይ ያሉትን እንጂ የአገሩን ወንድ ሁሉ አይወክሉም። ቢሆንም ትልቁ ቁም ነገር ግልጽ ነው፦ ከአሥር ሰባትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት የሚሸከሙት ነገር ‹‹የእኔ ብቻ ነውር›› ሊባል አይችልም።

ሁለት ታሪኮች

የታሪክ ባለሙያ የማኅደር ሰው ነው። አንድ ማኅደር ግን ከቤተ ሰቤ ልጥቀስ። አጎቴ ገበሬ ነበር፤ ቀጭን፣ ብርቱ፣ በሥራው የተመሰገነ። በአርባዎቹ ዕድሜው ከሚስቱ ጋር ሳይጣላ ተለያየ። ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ድንበር ተካሰሰ፤ ክርክሩ ዓመታት ወሰደ፤ ሁለት በሬ ጨረሰ። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ያነበበ ተመራማሪ ‹‹የመሬት ጥበት ያስከተለው ግጭት›› ብሎ ይመዘግበዋል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ በጻፍሁት ነበር። እውነቱን የሰማሁት አጎቴ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ነው። የስኳር በሽታ እንዳለበት ያን ጊዜ ታወቀ። እግሩ ተቆረጠ። ማታ ላይ ብቻችንን ሳለን እንዲህ አለኝ፦ ‹‹ልጄ፣ ያ ሰው ወንድነቴን አስሮብኛል ብዬ ነበር የከሰስኩት። ለካስ ያን ጊዜም ይኸው ስኳር ኖሯል።›› በመዝገቡ ውስጥ ድንበር እንጂ ይህ የለም። ስንት የድንበር ክስ፣ ስንት ፍቺ፣ ስንት ቂም ከዚህ ዝምታ እንደተወለደ የትኛው ማኅደር ይነግረናል?

ሁለተኛው ታሪክ የራሴ ነው። የምነግራችሁ በባለቤቴ ፈቃድ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሐኪሞች ጫማዬን አስወልቀው እግሬን አይተዋል፤ ዓይኔን፣ ኩላሊቴን፣ ግፊቴን መርምረዋል። ይህን አንድ ጥያቄ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም፣ በአደባባይ መናገር ሥራዬ የሆነው ሰው፣ ለአራት ዓመት አፌን ዘጋሁ። ሥራ በዛብኝ እያልሁ እስከ እኩለ ሌሊት ከመጽሐፍ ጋር እቆይ ነበር። የባሰውንም አደረግሁ፤ ያመጣብኝ መድኃኒቱ ነው ብዬ ጠርጥሬ ለወራት መድኃኒቴን አቋረጥሁ። ስኳሬ ወጣ፤ ችግሬም ባሰ።

ዝምታውን የሰበረችው ባለቤቴ ናት። አንድ ምሽት ‹‹ሌላ ሰው ካለህ ንገረኝና ልረፍ፤ ካልሆነ ደግሞ ምን እንደበደልሁህ ንገረኝ›› አለችኝ። ያን ጊዜ የገባኝ፣ እኔ እንደ ነውር የሸሸግሁትን እርሷ እንደ ክህደትና እንደ መጠላት ስታነብብ መኖሯ ነው። ወንዱ ዝም ሲል ሴቲቱ ክፍተቱን በራሷ ጥፋት ትሞላዋለች። ስለዚህ ‹‹የወንዶች ጉዳይ›› የምንለው ከመጀመሪያውም የወንዶች ብቻ አልነበረም።

በማግሥቱ አብረን ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ምናልባትም ከተማሪዎቼ በዕድሜ ብዙ አይበልጥም። ሲሰማኝ አልሳቀም፤ አልደነገጠም። የልብ ምርመራ አዘዘልኝ። ያ ምርመራ በጊዜው ባይደረግ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ ስለ ታሪክ የምናገር ሳልሆን ራሴ ታሪክ ሆኜ በነበር። (ሳቅ) ትስቃላችሁ፤ እኔም እስቃለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

መድኃኒቱና ገበያው

በመጋቢት 27 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲልዴናፊል፣ ማለትም በገበያ ስሙ ቫያግራ፣ ተፈቀደ። መድኃኒቱ ፍላጎትን አይፈጥርም፤ የናይትሪክ ኦክሳይድ መልእክት ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል እንጂ። ነርቭና ደም ሥር በጣም ከተጎዱ የሚያቆየው መልእክት ራሱ አነስተኛ ይሆናል፤ በስኳር ሕሙማን ላይ ከሌሎች ያነሰ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ለብዙዎች ግን ጠቅሟል።

ይህ መድኃኒት ውርደቱን ባላስወገደበት አገር ውስጥ በድብቅ ይሸጣል። ሐኪም ለመጠየቅ ያፈረ ሰው ከሱቅ ጓዳ ይገዛዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ለልብ ሕመም ናይትሬት የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልዴናፊልን ቢጨምርበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል። ልባቸው የተጎዳ፣ ለሐኪም ያልተናገሩ፣ በድብቅ የሚገዙ፤ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ዝምታ ገዳይ ይሆናል። መድኃኒት ስለማቋረጥም እንዲሁ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ለችግሩ አስተዋጽኦ ሊያደርጉ መቻላቸው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሐኪሙ እንዲለውጥ መጠየቅ እንጂ በራስ ፈቃድ መተው አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታወቀው ታላቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ስኳርን በሚገባ መቆጣጠር በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል።

ወላይታ ከዚህ በፊት ያሸነፈችው ስም

ንግግሬን ከዚሁ ከምድራችን በተወሰደ ምሳሌ ልዝጋ። ወላይታ በእግር ማበጥ፣ ሕዝባችን ዝሆኔ በሚለው ሕመም፣ ብዙ የተሠቃየች አገር ናት። ይህ ሕመም ለዘመናት የዘር እርግማን ተደርጎ ታይቷል፤ ከቤተ ሰቡ ልጅ አይታጭም ነበር፤ ትዳር ፈርሷል፤ ሰው ከማኅበር ተለይቷል። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጋቸው ምርምሮች ግን ምክንያቱ በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከዕጣ ፈንታ ወደ ሳሙና፣ ወደ ውኃና ወደ ጫማ ወረደ። በዚሁ በሶዶ ሕሙማን ተሰባስበው እግራቸውን በግልጽ ማጠብ ጀመሩ። እርግማን የተባለው ሕመም ስሙን የለወጠው፣ ምክንያቱ ታውቆ በአደባባይ ሲነገር ነው። ኤድስም በአገራችን በ1986 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ፣ በሬዲዮ ይነገራሉ ብለን ያላሰብናቸውን ቃላት እንድንናገር አስገድዶናል፤ በመናገራችንም ሰው ተርፏል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። የሕክምና ተማሪዎችን፦ የስኳር ሕመምተኛን እግሩን ስታዩ ይህንንም ጠይቁት። እርሱ አይጀምርም፤ እናንተ ጀምሩለት። የቋንቋ ባልደረቦቼን፦ ‹‹ስንፈት›› ለሚለው ቃል ወቀሳ የሌለበት ምትክ ፈልጉልን፤ ‹‹የብልት መቆም እክል›› ረጅም ቢሆንም ቢያንስ ማንንም አይሰድብም። የታሪክ ተማሪዎቼን ደግሞ፦ ማኅደር ስትከፍቱ የተጻፈውን ብቻ አታንብቡ። ከድንበር ክሱና ከፍቺ ወረቀቱ በስተኋላ አንድ ሰው ሊናገረው ያልቻለው ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

ወደ ጥግ ወስዳችሁ ‹‹በጽሑፍ ይወጣል ወይ?›› ያላችሁኝ ወንድሞቼ፤ አዎን፣ ይወጣል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ወረቀቱን አትደብቁት። ለባለቤታችሁ ስጧት፤ ከዚያም አብራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።